ልማዳችሁን ከደወሉ ጋር እሰሩት፦ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሠራተኞች የጤና መመሪያ

ድምፄ የጠፋው ማክሰኞ ዕለት ነው፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ። 9ኛ ክፍል ገብቼ "እንደምን አደራችሁ" ልል አፌን ስከፍት ሲጥ የሚል ነገር ብቻ ወጣ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ "ቲቸር፣ አሞዎት ነው?" አለችኝ። በእጄ "ምንም አይደለም" ብያት ርዕሱን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝንጅብል ሳፈላ ከረምኩ። ለውጥ ሲጠፋ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ አይታኝ ስትጨርስ "ከጠዋት እስከ ምሳ ስንት ብርጭቆ ውሃ ትጠጫለሽ?" አለችኝ። ምንም አልኳት። "ለምን?" አለች። እውነቱን ነገርኳት። ውሃ ከጠጣሁ ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ። ሽንት ቤታችን ውሃ የለውም፤ ቁልፉ ያለው ጥበቃው ጋ ነው። በአምስት ደቂቃ ደርሼ አልመለስም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። መምህር ውሃ እንደሚያስፈልገው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የምንበላው፣ የምንቀመጠው፣ ሽንት ቤት የምንሄደው ደወል ሲፈቅድልን ነው። ስለዚህ "ራስሽን ጠብቂ" የሚል ምክር ብቻውን የትም አያደርስም። የሚያዋጣው እያንዳንዱን ልማድ ከአንድ ደወል ጋር ማሰር ነው። ከዚህ በታች ያለውን እኔም የሥራ ባልደረቦቼም ሞክረነዋል።

1. መጀመሪያ የሳምንቱን ድልድል አውጡ

የክፍለ ጊዜ ድልድላችሁን አንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ተከታትለው የሚመጡትን ክፍለ ጊዜዎች አክብቡ። ባዶዎቹን ደግሞ አስምሩባቸው። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ምን ሰዓት እንደበላችሁ፣ ምን ሰዓት ውሃ እንደጠጣችሁ፣ ምን ሰዓት እንደተቀመጣችሁ ጎን ላይ ጻፉ። በዚያ ሳምንት ምንም ለማስተካከል አትሞክሩ።

የእኔ ማክሰኞ እንዲህ ነበር። 2፡00 ሰልፍ። ከ2፡20 ጀምሮ ሦስት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። በእረፍት ሰዓት የግቢ ተረኛ። ከዚያ አራተኛው ክፍለ ጊዜ። ቁርስ፣ ታክሲ ውስጥ ግማሽ ዳቦ። ውሃ፣ የለም። ቁጭ ያልኩት 5፡20 ላይ። ወረቀቱ ላይ ሳየው ድምፄ ለምን ማክሰኞ እንደጠፋ ገባኝ።

ድልድል የሚሠራውን መምህር ማነጋገር የሚሻለው መስከረም ላይ ነው። ጥቅምት ከገባ አንዱን ለማዛወር የአምስት ሰው ክፍለ ጊዜ መነካካት ይመጣል። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ከሦስት በላይ ተከታታይ እንዳይሆን፣ ተረኝነታችሁም ብዙ ክፍለ ጊዜ ያለባችሁ ቀን ላይ እንዳይውል።

የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የላይብረሪና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችም ይህን አድርጉ። የእናንተ ድካም ከእኛ ይለያል። ላይብረሪ የሚሠራው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ጽዳት የምትሠራው ቀኑን ሙሉ ታጎነብሳለች፤ ጥበቃው ሌሊቱን ያነጋል። ቢሆንም ደወሉን ሁላችንም እንሰማዋለን፤ ለማስታወሻ ደግሞ ከእሱ የተሻለ የለም።

2. ውሃውንና ሽንት ቤቱን አንድ ላይ ፍቱ

ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ኮዳ ያዙ። አንዱን እስከ እረፍት፣ ሁለተኛውን እስከ ምሳ ጨርሱ። በአንዴ አትገልብጡት። ክፍል ስትገቡ ሁለት ጉንጭ፣ ስትወጡ ሁለት ጉንጭ በቂ ነው። ተማሪ ፊት መጠጣት ነውር ከመሰላችሁ መጀመሪያ ቀን ምክንያቱን ንገሯቸው። እኔ ነግሬያቸው አሁን ኮዳዬን ስረሳ የሚያስታውሱኝ እነሱ ናቸው።

ሽንት መያዝን እንደ ጉብዝና የምንቆጥር አለን። ሽንትን ለረጅም ሰዓት መያዝና ውሃ መቀነስ በተለይ ለሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መንገድ ይከፍታል። ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ከእምብርት በታች መክበድ ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያለ ምርመራ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ይቅር።

ሽንት ቤቱን በተመለከተ እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጥተን ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜል፣ ሳሙናና ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ገዛን። ቁልፉን ሦስት ቅጂ አስቀረጽን፤ አንዱ የመምህራን ማረፊያ በር ጀርባ ተንጠልጥሏል። ስብሰባ ላይ ይህን ማንሳት ያሳፍራል ብላችሁ አትተዉት። ሴቶቹ መምህራን አንድ ላይ ሆነን ስናነሳው የተቃወመ አልነበረም።

3. ድምፃችሁን እንደ መሥሪያ ዕቃ ያዙት

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ልበል። እንጀራችን ይህ ነውና።

ስንናገር ጉሮሯችን ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ይጋጫሉ። የሴት በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ፣ የወንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይንቀጠቀጣል። ስንጮህ ግጭቱ ይበረታል። በየቀኑ ሲደጋገም አውታሮቹ ያብጣሉ፤ ሲቆይ እንደ እጅ መጅ ያለ እብጠት ያወጣሉ። መጅ ያወጣ አውታር በደንብ አይገጥምም፤ ድምፅ የሚሻክረው ለዚህ ነው።

ከቤት ሳትወጡ አፋችሁን ገጥማችሁ "እምምም" በሉ። ከንፈራችሁ ላይ ንዝረቱ ይሰማችሁ። ዝቅ ካለው ድምፅ ወደ ከፍ ያለው፣ ከዚያ ወደ ታች። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሌላም አለ። ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ውሃ አድርጉ፤ ስትሮውን ሁለት ጣት ያህል ውሃው ውስጥ ከትታችሁ "ኡኡኡ" እያላችሁ አረፋ አውጡ። ልጆቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን አብረውኝ ይሠራሉ።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ጫጫታን በጩኸት አታሸንፉም። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ከፍ ባላችሁ ቁጥር እነሱም ከፍ ይላሉ። ገብታችሁ መሃል ላይ ቁሙ። ሦስት ጊዜ አጨብጭቡ፤ ተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ ይመልሱ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ጸጥታው እስኪመጣ አንድ ቃል አትናገሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ረጅም ይመስላል። በሁለተኛው ሳምንት ከአሥር ሴኮንድ አይበልጥም።

ትእዛዙን ሁሉ በአፍ አትስጡ። "ገጽ 47፣ ጥያቄ 1-5፣ በቡድን" ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። አንድ ተማሪ የጠየቀውን ሌላ ተማሪ ይድገመው። በየክፍለ ጊዜው አሥር ደቂቃ እነሱ የሚናገሩበት፣ እናንተ የምትዞሩበት አድርጉ። ለትምህርቱም የሚበጅ ይመስለኛል።

ድምፅ ሲሻክር ማንሾካሾክ ያሳርፈዋል ብለን እናስባለን። አያሳርፈውም፤ ብዙዎቻችን ስናንሾካሹክ ጉሮሯችንን የባሰ እናስጨንቃለን። ከማንሾካሾክ ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት፣ ከዚያም በላይ ዝም ማለት ይሻላል። "እህም፣ እህም" እያሉ ጉሮሮ መጥረግም አውታሮቹን እርስ በርስ ማላተም ነው። ሲመጣባችሁ ምራቅ ዋጡ ወይም ውሃ ጠጡ።

ዝንጅብሉስ? ማርና ዝንጅብል ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ጠጡት። ግን የምንውጠው ነገር የድምፅ አውታሮቹን አይነካም። ቢነካቸው ትን ይለን ነበር። አውታሮቹ የሚረጥቡት ሰውነታችን በቂ ውሃ ሲኖረው ነው። ቃር ያለባችሁ ሰዎችም ልብ በሉ። ሌሊት ወደ ላይ የሚመለሰው የጨጓራ አሲድ ጉሮሮን ያቃጥላል። ራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ይሁን።

ድምፃችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ማጨስ ካለ፣ ለመዋጥ የሚቸግር ከሆነ ወይም ከአክታ ጋር ደም ከታየ ሦስት ሳምንቱንም አትጠብቁ። ሳል ብቻውን ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አድርጉ። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። በየቀኑ በአንድ ክፍል ከስንት ልጆች ጋር እንደምትውሉ አስቡ።

4. የጠመኔ አቧራ

ጠመኔ ከጂፕሰም ወይም ከኖራ ድንጋይ ዓይነት ማዕድን ይሠራል። ለብዙ ሰው መርዝ አይደለም፤ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ግን ይቆጠቁጣል። አስም ያለበትን ደግሞ ሊቀሰቅስበት ይችላል። ሰሌዳውን በደረቅ ዳስተር አትጥረጉ። ጨርቅ አርጥባችሁ ጨምቃችሁ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። እየጻፋችሁ አታውሩ፤ አቧራውም ይገባባችኋል፣ ፊታችሁ ወደ ሰሌዳ ስለሆነ ድምፃችሁን ከፍ ማድረግም ይመጣል። ዳስተር ግድግዳ ላይ እንዲያራግፍ ልጅ አትላኩ። ለልጁም ጉሮሮ እንሰስትለት። ስትወጡ እጃችሁን ታጠቡ፤ ከዚያ በኋላ ቆሎ ብትቆረጥሙ ይሻላል።

5. እግርና ወገብ

ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ መቆም ደም ወደ እግር እንዲወርድና እንዲከማች ያደርጋል። ማታ ማታ የቁርጭምጭሚት ማበጥ፣ የባት መክበድ፣ የደም ሥር መገተር የሚመጣው ከዚህ ነው። ባታችሁ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ እንዲሠራ ግን መንቀሳቀስ አለበት። ተማሪዎቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ በጠረጴዛዎች መሃል ዙሩ። ሰሌዳው አጠገብ ስትቆሙም ተረከዛችሁን 10 ጊዜ አንሡና አውርዱ። ረጅም ታኮ ለበዓል ይሁን።

በባዶ ክፍለ ጊዜ ሌላ ወንበር ስባችሁ እግራችሁን አሥር ደቂቃ ስቀሉት። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ እንዲህ መቀመጥ የሚያስነውር አይምሰላችሁ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ካመመ ግን ሰቅሎ ማሳረፍ አይበቃም። የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

የ60 ልጅ ደብተር በአንድ ክንድ አትሸከሙ። በሁለት ከፍላችሁ በሁለት እጅ ያዙ፤ ወይም ሁለት ልጆች ያግዟችሁ። ጽዳት ለምትሠሩ ደግሞ የመጥረጊያው እጀታ ረዘም ያለ ይሁን፤ ባልዲ ስታነሡ ከወገብ አትጎንበሱ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ። ከላይብረሪና ከጽሕፈት ቤት ያላችሁ ደወል በሰማችሁ ቁጥር ተነሡ። በር ድረስ ደርሶ መመለስም ቢሆን።

6. ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን ይግባ

ባዶ ሆድ ሰልፍ ላይ መቆም፣ በእረፍት ቦምቦሊኖና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። የብዙዎቻችን ጠዋት ይህ ነው። ስኳሩ ረሃብን ለረጅም ሰዓት አያስታግስም። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ልጆቹ ላይ የምንቆጣው አንዳንዴ ርቦን ነው።

ማታ የምታዘጋጁት ይሻላል። ቂንጬ፣ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ፣ ወይም በሶ በጠርሙስ በጥብጣችሁ ይዛችሁ ውጡ። በሶ ለመምህር የተፈጠረ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቆማችሁም ይጠጣል። ለእረፍት ቆሎ፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን። ምሳ ሽሮ ወይም ምስር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጎመን ወይም ሰላጣ ግን አይጥፋ።

ስኳሩን ቁጠሩት። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው። በቀን አራት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ብትጨምሩ 12 ማንኪያ ሆነ፤ ወደ 50 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው የላይኛው ጣሪያ ይህንኑ ያህል ነው፤ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይመረጣል ይላል። በአንዴ አትቁረጡ። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ጨው ደግሞ ወጡም በርበሬውም ውስጥ ያለው ተደምሮ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማነስ አለበት።

ሻዩን ከምሳ ጋር አትጠጡ። በሻይና በቡና ውስጥ ያለው ነገር ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያግዳል። አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። ሎሚ ግን ብረቱን ለመውሰድ ይረዳል፤ ጎመኑ ላይ ጨመቅ አድርጉበት።

ጾም ላይ ነገሩ ይለያል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም መምህር ውሃም አይጠጣም፤ ድምፁ በቀላሉ ይጎዳል። በረመዳንም እንዲሁ። በእነዚህ ሳምንታት ብዙ የሚነገርበትን ትምህርት ወደ መጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች፣ መልመጃውንና የቡድን ሥራውን ወደ ኋላ አድርጉ። በማፍጠሪያና በሱሁር መካከል፣ ወይም ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ፣ ውሃውን ከፋፍላችሁ ጠጡ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁንም ጠይቁ። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መላ አላቸው።

7. እግር ጉዞ

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለአዋቂ ይመከራል። በአምስት የሥራ ቀን ሲካፈል 30 ደቂቃ ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ፤ ጠዋት 15፣ ማታ 15 ደቂቃ ሞላ። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት ይሁን። አዲስ አበባ ላሉ፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" (መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛ የሚለቀቁበት ቀን) ከቤተሰብ ጋር ለመውጣት ጥሩ ሰበብ ነው። ትምህርት ቤታችሁ መረብ ኳስ ካለው ዓርብ ከሰዓት መምህራንና ሠራተኞች ተጫወቱ። ዳይሬክተሩንም አስገቡት።

8. ግፊታችሁን እወቁ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ራስ ምታቱን ሁልጊዜ በተማሪ ጫጫታ ያሳብብ ነበር። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ለሌላ ጉዳይ ሄዶ ሲለካ 170/105 ወጣ። ዕድሜው 41 ነበር። እሱም ደነገጠ፣ እኛም ደነገጥን። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም።

አለካኩ ራሱ ወግ አለው። ከመለካታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ፣ አታጭሱ። ሽንት ቤት ግቡ። ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። እግራችሁ መሬት ይንካ፤ አታነባብሩት። ክንዳችሁ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። እየተለካችሁ አታውሩ። መምህር ለሆነ ሰው ይቺ ትከብዳለች። በተለያየ ቀን ተለክታችሁ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ጀምሩ። መድኃኒት ከታዘዘላችሁ "ወረደልኝ" ብላችሁ አታቁሙ፤ የወረደው በመድኃኒቱ ነው።

መስከረም ላይ አንዴ፣ የካቲት ላይ አንዴ ተለኩ። አካባቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቃችሁ ባለሙያ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤቱ ድረስ ቢመጣ ጥበቃውም ጽዳቷም ሳይቀሩ ሁሉም ይለካል። እኛ እንዲህ አድርገን ሦስት ሰው ከፍ ብሎ ተገኝቶበታል። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆነ ሴቶች በዚያው የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራውን ጠይቁ።

9. ማታ

የእርማት ሰሞን ብዙዎቻችንን የሚያበላሸን ነው። 300 ወረቀት ተከምሮ፣ ሮስተር የሚገባበት ቀን ቀርቦ፣ ቡና ላይ ቡና። አንዳንዱ ጫት ይይዛል። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በማግሥቱ ክፍል የሚገባው ሰው ደግሞ ተቆጪ ይሆናል። ይህን የምጽፈው የምወዳቸው ሰዎች እዚያ ውስጥ ስላሉ ነው።

ወረቀቱን በባዶ ክፍለ ጊዜያችሁ ቁጥር አካፍሉት። ፈተናውን ስታወጡ ስለ እርማቱ አስቡ፤ አጭር መልስ 10 ከሚሆን 5 ይሁን። የደብተር ሥራን ተማሪዎች ተለዋውጠው ያርሙ፤ እናንተ በየቀኑ የአንድ ረድፍ ደብተር ብቻ እዩ። ቡና ከ9 ሰዓት በኋላ ይቅር። ከጠጣችሁት ግማሹ ያህል አምስት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ማታ 2 ሰዓት ላይ ድምፁ ይጥፋ፤ ይህንንም ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ለእንቅልፍ ቢያንስ 7 ሰዓት ተዉ።

ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ደስ የማይላችሁ፣ ጠዋት ወደ ሥራ መሄድ የሚያስለቅሳችሁ ከሆነ ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ሕክምና አለው። በራሳችሁ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ ያኔውኑ ለቅርብ ሰው ተናገሩና አብራችሁ ሂዱ።

10. ከየት ልጀምር ለምትሉ

በአንድ ጊዜ ሁሉን አትሞክሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ውሃውን ብቻ ያዙ። ቀጥሎ የጠዋቱን "እምምም" ጨምሩ። ከዚያ ቁርሱን። እግር ጉዞው እነዚህ ሲለመዱ ይመጣል።

ለዳይሬክተሩ የምታቀርቡትን ደግሞ በጽሑፍ አድርጉትና ጥቂት ሰው ሆናችሁ ግቡ፤ የሠራተኛ ሽንት ቤት ቁልፍና ውሃ፣ በየክፍሉ አንድ ወንበር፣ ለየሰሌዳው እርጥብ ጨርቅና ባልዲ፣ በዓመት ሁለቴ የግፊት ልኬት። እኛ ያቀረብነው ወረቀት ግማሽ ገጽ አይሞላም ነበር። ወንበሩ እስካሁን አልመጣም። ቁልፉ ግን በሦስተኛው ቀን ተሰጠን።